ክሩ ያለቀበት በር

ይህ ታሪክ ከአፍ እስከ ገደፉ እውነት ነው። ዝንፍ ያለ ነገር ቢገኝበት የኅዳር ሰሊጥ ሳይታጨድ ይርገፍብኝ፤ ለመተማ ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ የለም።

«በጥፊ በለው፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፤ ጎኑን ሲመቱት ነው የሚሰማው» አለ ባለቪዲዮው ሙሐመድጣሂር ከበሩ ላይ ሆኖ።

ዋሴ ቴሌቪዥኑን ጎኑን በመዳፉ ጧ አደረገው። ከወገቧ ለሁለት ተከፍላ የነበረችው ፈረንጅ ሴትዮ ተመልሳ አንድ ሆነች። ቤቱ ውስጥ ታጭቆ የተቀመጠው የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሞተ ዘመዱ የተነሣለት ያህል ተነፈሰ። ከግድግዳው ወዲያ የወፍጮው ሞተር ይንደቀደቃል። ቪዲዮው መብራቱን የሚያገኘው ከዚያው ሞተር ስለነበር፣ ወፍጮው ማሽላ ሲፈጭ ሥዕሉ ረጋ ይላል፤ ደረቅ በቆሎ የገባበት እንደሆነ ግን የፈረንጆቹ ቤት ከነዕቃው ይንቀጠቀጣል። ፈረንጅ አገር መሬቱ ሁልጊዜ እንደሚናወጥ፣ ሰዎቹም ስለለመዱት እንደማይደነግጡ ለብዙ ጊዜ አምኖ የኖረ የመተማ ሰው አለ።

ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ዘመኑም የደርግ ማብቂያ ገደማ። ከጎጃምና ከወሎ፣ ከአርማጭሆም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ደገኛ፣ አሠሪው ቢለምነውም ቢቆጣውም በሚካኤል ቀን ማጭድ አይነካም። ስለዚህ ሙሐመድጣሂር በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን በሰሊጥ ጆንያ ጋርዶ ቤቱን ያጨልማል፤ ሚስቱ ሐቢባ ደጃፉ ላይ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የሱዳን መጠጥ በባልዲ አቅርባ ትሸጣለች። በጆንያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ሰዉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ያርፋል። የናፍጣው ሽታ፣ የዱቄቱ ብናኝ፣ የላቡ፣ የአዲስ ሰሊጡ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፣ ያን ቤት ያየ ሰው ዛሬም ቢሆን የትም ቦታ ናፍጣ ሲሸተው መሳቅ ያምረዋል።

ማሽኑ ቤታማክስ ነው፤ ሰዉ ግን ቤታ ይለው ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ሌላው ዓይነት ካሴት ሲዞር፣ ቤታ እንዳረጀ በቅሎ ተገፍቶ ከደጅ ወጣ። ያን ጊዜ ሙሐመድጣሂር በሰሊጥ ለውጦ አመጣው። ክዳኑ እንደ ሳጥን ወደ ላይ የሚከፈት፣ ድፍን ብረት ነው። የተሸከመው ግመል ድንበሩ ላይ ተንበርክኮ አልነሣም ቢል፣ ሊወርሱት የመጡት ፈታሾች ራሳቸው ከሥር ገብተው አግዘው አስነሥተውታል ይባላል። ግመሉ ከዚያ ወዲህ ሳጥን ባየ ቁጥር ያለቅስ ነበር።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ካሴት አንድ ብቻ ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ባሕር ማዶ ከቴሌቪዥን ላይ የቀዳው የአንድ ቤተሰብ ጨዋታ ነበር። አባት አለ፤ እናት አለች፤ ጎረምሳ ልጅ አለ፤ አንድ ሶፋም አለ። ጠቡም እርቁም ሶፋው ላይ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ ዋሴ።

ዋሴ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣው። እንግሊዝኛ ከየት አመጣህ ሲሉት፣ «መንገድ የሚለካ የእንግሊዝ መሐንዲስ እንጨቱን ይዤለት ነበር። አንድ በጋ ሙሉ ቋንቋው ካፉ ሲንጠባጠብ እኔ ከሥር ነበርኩ» ይላል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ፣ በሽመሉ ወደ ኋላ እያመለከተ ይተረጉማል። ለፈረንጆቹም ስም አወጣላቸው። ሚስትየው አሰፋች፣ ልጅየው ታከለ ሆኑ። ካባ መሰል ልብስ ለብሶ ሶፋው ላይ የሚንደላቀቀውን ወፍራሙን አባት ግን ግራዝማች ሲለው፣ እንግዳው የሚባለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ብድግ አለ።

«ማዕረጉ ተሽሯል።»

«እንግዲያ ጓድ ግራዝማች ይሁን» አለ ዋሴ። በዚሁ ጸደቀ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ደግሞ የማይታዩ ሰዎች አሉ። ጓድ ግራዝማች ቢወድቅም ቢናደድም ከአንድ ቦታ ሆነው ይስቃሉ። እነማን እንደሆኑ የመጀመሪያው ቀን የጠየቀው ፈንቴ የሚባል ጎጃሜ አጫጅ ነበር።

«ጎረቤቶች ናቸው» አለው ዋሴ። «ፈረንጅ አገር ግድግዳው ስስ ነው።»

ፈንቴ በጎረቤቶቹ የተቀየመው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ካሴቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዋሴ ትርጉሙን በየጊዜው ይቀያይረዋል። አንድ ሳምንት ታከለ ከሰርግ ቤት ሰክሮ ይመጣል። በሌላው ሳምንት ያው ታከለ በዚያው ሸሚዙ ሱዳን ወርዶ፣ ግመል ነግዶ፣ ከስሮ ይመለሳል። «ይኼ ልጅ ቅያሪ የለውም እንዴ?» ሲል ፈንቴ ቢጠይቅ፣ «ፈረንጅ አገር ድሃ የለም ያለህ ማነው?» ብሎ ዘጋው። የካሴቱ ክር ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከበሩ ውጪ ይቆማል፤ አባትየው የበሩን እጀታ ይይዛል፤ ከዚያ ሥዕሉ ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ እንደተበተነ ሰሊጥ ነጭ ነጭ ይሆናል። ቀጂው ክሩ አንሶት ነው። የቀረውን ዋሴ ከራሱ ይሞላዋል። አንድ ጊዜ በግ አሳርዶ ያስታርቃቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ታከለን ሚስት አጋብቶ ያስገባዋል፤ አንድ ጊዜማ ጓድ ግራዝማችን አመንኩሶት ሰዉ ሁሉ አልቅሷል።

እንግዳው ቪዲዮውን የፈቀደው ትምህርታዊ ከሆነ ብቻ ብሎ ነው። ስለዚህ ክሩ ባለቀ ቁጥር በታየው ክፍል ላይ ሂስ ይደረጋል። በዚያ ዘመን የሂስ ስብሰባ የማያስለቅሰው ሰው አልነበረም፤ በሙሐመድጣሂር ቤት ግን ሰው ለሂሱ ሲል ቀድሞ መጥቶ ቦታ ይይዝ ነበር። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ በነበረበት ቦታ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ከፍቷል። ሰው የየራሱን ጨዋታ በመዳፉ ይዞ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ ለብቻው ፈገግ ይላል። ያን ጊዜ ሳቅ እንደ እህል ነበር፤ ሁሉም የያዘውን አምጥቶ አንድ ወፍጮ ላይ ያስፈጨዋል።

ዋሴ በሳቅ የሚኖር ሰው ነው፤ ካገሩ የተሰደደውም በሳቅ ነው።

አገሩ ታች አርማጭሆ፣ ከሳንጃ ወጣ ብሎ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ፊቱን እንደ መርዶ ነጋሪ አጥቁሮ፣ «ለአብዮት በዓል ሰልፍ ቀይ በሬ ሁሉ ሊመዘገብ ነው አሉ። ከሰልፉ ደግሞ አይመለስም» ብሎ አወራ። ሰዉ እስኪደነግጥ ጠብቆ ሊስቅ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የማይመዘገብ ነገር ስለሌለ ማንም ቀልድ ነው ብሎ አልጠረጠረም። እሱ ወሬውን ሊደግመው ወደ ሳንጃ ገበያ ሲገሰግስ፣ ቀይ በሬ ያለው ሁሉ በሬውን ነድቶ ገደል ውስጥ ደበቀ። በማግስቱ የሁሉም በሬ ደኅና ተመለሰ። የአያ ዘሩን ዳማ በሬ ግን ጅብ በላው።

አያ ዘሩ የዋሴ አባት ናቸው።

ልጃቸውን አልመቱትም፤ አልረገሙትም። የዳማውን ቀንድ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ለተሰበሰበው ጎረቤት፣ «ከዚህ ልጅ ጋር ቃል ብለዋወጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» አሉና በሩን ዘጉት። ዋሴ ከረጢቱን ይዞ ውጪ ቀረ። እናቱ ውባንች ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሳንጃ በሚወርዱ አጫጆች ሰላምታ ይልካል። ከናቱ ድርቆሽና ምርቃት በድብቅ ይመጣለታል። ከአባቱ ምንም የለም። አንዴ ደኅና ሽርጥ ገዝቶ ቢልክላቸው እንደታጠፈ ተመልሶለታል። መተማ ሙሉ ሰው ዋሴን ለመስማት ይጋፋል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ካንድ ሰው አንዲት ቃል ነው፤ ስድብም ብትሆን። ይህን ሙሉውን የሚያውቁት እሱና ሽርጧን አጥባ ያስቀመጠችለት ሐቢባ ብቻ ናቸው።

ለዚህ ለኅዳር ሚካኤል ያዘጋጀው ትርጉም ከሁሉ የሚያስቀው ነበር። ጓድ ግራዝማችን ጅል አድርጎ፣ ታከለን ብልጥ አድርጎ።

«አባትየው፣ ‹መነጽሬን ማን ወሰደብኝ?› ይላል» አለ ሽመሉን እየወዘወዘ። «መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። አሰፋችም፣ ‹ጎረቤት ወስዶት ይሆናል› ትለዋለች።»

«አይ እነዚያ ጎረቤቶች» አለ ፈንቴ።

ሰዉ ሳቀ። ቴሌቪዥኑም ሳቀ።

«ታከለም ይነሣና፣ ‹አባቴ፣ መነጽርህን መንግሥት ሊመዘግበው...›»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ አጠር አጠር አድርጎ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ፣ መጨረሻው ላይ ቀንበር እንደ ከበደው በሬ እህም ብሎ።

የዋሴ ሽመል አየር ላይ ቀረ። ያን ጉሮሮ ከሺህ ጉሮሮ ይለየዋል። በልጅነቱ ውሸት ጀምሮ ያን ድምፅ ሲሰማ ውሸቱ መሐል ላይ ይሰበርበት ነበር። በጆንያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን አሻግሮ ቢያይ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ የከሳ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን በሙቀቱ አውልቀው፣ አጣጥፈው ከጎናቸው አድርገውታል። የተመረኮዙትን ዱላ ዋሴ ያውቀዋል። አባቱ በስተርጅና የቀን ሥራ ወርደዋል ማለት ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ሌላ ምን ያደርጋል?

«ኧረ ተርጉም!» አለ ፈንቴ። «ሰውዬው እያወራ ነው እኮ።»

ዋሴ አፉን ከፈተ። ሰዉን ማየት ስላቃተው ፊቱን አዞረና፣ ከመስከረም ጀምሮ ሲያሳየው የኖረውን ካሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። እስከዚያን ቀን የሚያየው የሰዉን ጥርስ ነበር እንጂ ሥዕሉን አልነበረም።

«ልጁ ዋሽቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ብሎ እንደ ዋሸ አልሰማሁም። ፊቱን ግን እዩት።»

«ምን ሆነ ይኼ ሰው ዛሬ?» አለ አንዱ።

«አባትየው እየጮኸ አይደለም። ቢጮህ ይሻል ነበር።»

«የሚያስቀውን ንገረና» አሉት ከግራ በኩል።

«ዝም በሉት» አለች ሐቢባ ከደጃፉ። «ዛሬ ደኅና ነገር እያወራ ነው።»

«አሰፋች ሳህን ይዛለች» አለ ዋሴ። «ልታቀርብ ነበር የያዘችው። ማስቀመጥም ማቅረብም አልቻለችም። ለማን ታቅርበው?» «ልጁ ቦርሳውን አነሣ። አባትየው ጀርባውን ሰጥቶታል።»

የማይታዩት ሳቂዎች ከዚያ በፊት ሲንጫጩ ቆይተዋል። እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠፋ።

«ጎረቤቶቹም ዝም አሉ» አለ ፈንቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅያሜ በሌለው ድምፅ።

ልጁ ወጣ። አባትየው ወደ በሩ ሄደ። ዋሴ እዚያ ላይ አንድ ያላየውን ነገር አየ። የአባትየው ጣቶች እጀታውን ይዘው ቆመዋል፤ አይገፉትም፤ አይስቡትም። በሩ ገርበብ ብሏል። ከዚያ ሰሊጡ ተበተነ።

እንግዳው ሽርጡን አራግፎ ተነሣ። «እሺ ጓዶች፣ ወደ ሂስ እንግባ። ከማን እንጀምር?»

«የኔ ሂስ እንደ ወትሮው በጎረቤቶቹ ላይ ነው» አለ ፈንቴ። «አባትና ልጅ ሲጣሉ ግድግዳ ተደግፎ መሳቅ ምን የሚሉት ጉርብትና ነው? አንድ ሽማግሌ እንኳ የላቸውም?»

«ጥፋቱ የልጁ ነው» አለ ከወሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ። «ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ እግሩ ላይ ይውደቅ። ያለ ድንጋይ ይቅርታ የለም።»

«በዚያ ምንጣፍ በሞላው ቤት ድንጋይ ከየት ያመጣል?»

«እንኳን እዚያ፣ እዚህስ ዋልካው አፈር ላይ ድንጋይ የት አለ?» አለ ሙሐመድጣሂር። «የመተማ ሰው ይቅርታ ቢያምረው ጎንደር ድረስ ነው የሚሄደው፣ ወላሂ።»

ሰዉ ትንሽ ሳቀ። ዋሴ አልሳቀም። ሽመሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ሽማግሌ ይናገር» አለ እንግዳው። «አባባ፣ እርስዎ ከኋላ ያሉት። ለቤቱ እንግዳ ነዎት መሰለኝ። ያዩትን ይተቹ እስቲ።»

አያ ዘሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከመተቸቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ። ግን እኔ ካስተርጓሚው ጋር አልነጋገርም።»

«ምነው? ምን አደረገዎት?»

«መሐላ አለብኝ።»

«የምን መሐላ?»

«የሚካኤል። ዛሬ ደግሞ ራሱ ቀኑ ነው።»

እንግዳው በመሐላ ባያምንም በሚካኤል ቀን ሊከራከር አልፈለገም። «ታዲያ በማን በኩል ይጠይቁት?»

«በዚህ በጎጃሜው ይሁን።»

ፈንቴ ልብሱን አስተካክሎ ተነሣ። በአስተርጓሚ ላይ አስተርጓሚ ሆኖ መሾሙ ደስ ብሎታል። «ይዘዙኝ፣ አያ። ምን ልበለው?»

«ያ ልጅ በሬ አስበልቷል ወይ በልልኝ።»

ፈንቴ ወደ ዋሴ ዞረ። «በሬ አስበልቷል ወይ ይላሉ።»

ቤቱ ተንጫጫ። «የምን በሬ?» «እኛ በሬ አላየንም።» «ሳሎን ውስጥ በሬ?»

«አስበልቷል በላቸው» አለ ዋሴ።

«አስበልቷል ይላል።»

«ኧረ የቱ ጋ ነው በሬው?» አለ እንግዳው ወደ ሙሐመድጣሂር ዞሮ። «ቆርጣችሁ ያስቀራችሁት ክፍል አለ እንዴ?»

«በሬው ጓሮ ነው» አለች ሐቢባ። «ከዚህ አይታይም። አንተ ዝም ብለህ ስማ።»

አያ ዘሩ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ቀለሙ ምን ነበር በለው።»

«ዳማ» አለ ዋሴ ፈንቴን ሳይጠብቅ፤ ወዲያው አስታወሰና፣ «ዳማ ነበር በላቸው» አለ።

«ዳማ ነበር ይላል፣ አያ። በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እንዴት እንደ ለየው እንጃ።»

«በክፋት ነው ያስበላው ወይስ በጥጋብ በለው።»

«በሳቅ ነው በላቸው። ሊያስቅ ብሎ ነው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። እሱም ከዚያ ወዲያ ሰው ባሳቀ ቁጥር በሬው ትዝ ይለዋል በላቸው።»

ፈንቴ ይህን ሊደግም ሲል አንድ ነገር ገባው። ሽማግሌውን አየ፤ ዋሴን አየ፤ የሁለቱን ግንባር አስተያየ። ድምፁ ዝቅ አለ። «በሳቅ ነው ይላል፣ አያ። ጸጽቶታል።»

ሙሐመድጣሂር በሩ ላይ ሆኖ ጣቱን አፉ ላይ አድርጓል። የወሎው ጎልማሳ ግን አሁንም በሬውን እየፈለገ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ይላል።

«አሁን እዚያ በር ላይ ምን ይሠራል በለው» አሉ አያ ዘሩ።

«ቆሟል በላቸው።»

«እስከ መቼ?»

ዋሴ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። የበጉም፣ የሰርጉም፣ የምንኩስናውም መጨረሻ አፉ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንዱን ቢጥል ሰዉ ያጨበጭባል፤ ሙሐመድጣሂር ደስ ይለዋል፤ ሁሉም በየዳሱ ይገባል። አባቱም ያው ልጄ ነው፣ ያው ውሸታሙ ብለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ይወጣሉ።

«አላውቅም» አለ። «ክሩ እዚያ ላይ ነው ያለቀው። እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ መጨረሻ ሁሉ ከራሴ ነው። መጀመሪያውም ከራሴ ነው። እንግሊዝኛ አላውቅም።»

«ኸላስ፣ አለቀልኝ» አለ ሙሐመድጣሂር ራሱን ይዞ። «ቤቴን ዘጋው።»

ዋሴ ጩኸት ጠበቀ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ፈንቴ።

«ምኑን?»

«እንግሊዝኛ እንደማታውቅ ነዋ። ሰው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባንድ ሸሚዝ ይኖራል? ሱዳን ወርዶ ግመል ነግዶ ሲመለስ እንኳ ያው ሸሚዝ። እኛ የምንመጣው አንተን ብለን ነው እንጂ ፈረንጁን ብለን ነው?»

«ቀበሌውም ያውቃል» አለ እንግዳው፣ ወደ ጣራው እያየ። «ትምህርታዊ ስለሆነ ነው ዝም ያለው።»

አሁን ሰዉ ሳቀ፤ በጋራ የሚሳቀውን የዚያን ቤት ሳቅ። ዋሴ ግን ጆሮው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ ፈንቴ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አያ፣ አላውቅም ነው የሚለው። የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል። ምን ልበለው?»

አያ ዘሩም ሰሊጥ የተበተነበትን ቴሌቪዥን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ያ አባት በሩን አልዘጋውም። ዓይን ያለው ሁሉ አይቶታል። ግባ በለው።»

ፈንቴ መተርጎም አላስፈለገውም። ዋሴ ሽመሉን ቴሌቪዥኑ ራስ ላይ አጋደመው። በሰዉ ጉልበት መሐል እየተሸለኮለከ፣ «ይቅርታ» እያለ፣ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ሄደና ካባቱ ጎን ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ ፊት ነው የሚያዩት።

«ሐቢባ» አለ ሙሐመድጣሂር፤ ዓይኑ ውስጥ ዱቄት ገብቶበት ነበር። «ለነሱ ከርከዴ ስጪ። እኔ ክሩን ልመልሰው።»

ቤታው እያቃሰተ ክሩን ወደ መጀመሪያው ጠቀለለ። በዚያ ቀን ጨዋታው ሁለተኛ ጊዜ ታየ፤ የተረጎመ ሰው የለም፤ ተርጉም ያለም የለም። ወፍጮው ላይ በቆሎ ገብቶ ስለነበር ጓድ ግራዝማች ከነሶፋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቶቹ ሲስቁ ሰዉም ሳቀ፤ ምን እንደሚያስቅ ማንም ሳያውቅ። ክሩ እዚያ በር ላይ ሲደርስ ዋሴ ወደ ሥዕሉ አላየም፤ ዱላውን ወደያዙት ጣቶች አየ። ሥዕሉ ከጠፋ በኋላም ሰው ቶሎ አልተነሣም፤ ነጩን ሰሊጥ እያየ ቆየ።

እንግዲህ ሰሊጤ እንዳይረግፍብኝ አንዷን ነገር ልመልስ። «ግባ በለው» የምትለዋን ቃል ከነመንደርደሪያዋ እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሰው ሲሰማት ደስ ስለሚለው ነው። አያ ዘሩ በሚካኤል የማሉ ሰው ናቸው፤ በሚካኤል ቀን ደግሞ፣ በፈንቴ አፍ ቢሆንም፣ ልጃቸውን ጠርተው መሐላ አያፈርሱም። ፈንቴ «ምን ልበለው?» ሲላቸው ምንም አልመለሱም። ከጎናቸው አጣጥፈው ያስቀመጡትን ጋቢ አነሡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አግዳሚው ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተለቀቀ።